ምድጃው ላይ ኮድ ሲበራ፦ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ብልሽቱን በመለካት ማግኘት

በፋሲካ ዋዜማ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንዲት እናት ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። ለድፎ ዳቦ የተቦካው ሊጥ ኩፍ ብሎ ከትሪው ጠርዝ አልፏል፤ ኦቨኑ ግን መሞቅ በጀመረ በአሥር ደቂቃው ይጮህና ሰሌዳው ላይ «ኤፍ 3» አብርቶ ይጠፋል። ቀን የመጣ ጠጋኝ ምድጃውን የሚቆጣጠረው የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ተቃጥሏል፣ መቀየሪያው 380 ዶላር ነው ብሏቸው ሄዷል። «ልጄ፣ ገንዘቡን እንኳ ባገኘው ዕቃው የሚመጣው ከበዓል በኋላ ነው» አሉኝ፤ ዓይናቸው ሊጡ ላይ ነበር።

ምድጃውን ከግድግዳው ስቤ የኋላውን ቆርቆሮ ፈታሁ። ከሙቀት ሴንሰሩ ወደ ቦርዱ የሚሄዱት ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ከማቀፊያቸው ወጥተው ትኩሱን የኦቨን ገላ ተደግፈዋል። የአንደኛው ሽፋን ቀልጦ ጠቁሯል፤ በጣቴ ጫፍ ሳብ ሳደርገው በውስጡ ያለው መዳብ ተበጥሶ ለሁለት ተለያየ። ሲቀዘቅዝ ጫፎቹ ይነካካሉ፤ ሲሞቅ ይራራቃሉ። ከፍተኛ ሙቀት በሚችል ሽቦ ቀጥዬ፣ በሴራሚክ ማያያዣ አስሬ፣ ከትኩሱ ገላ አርቄ ወደ ማቀፊያው መለስኩት። ድፎው በዚያው ሌሊት ተጋገረ። ቦርዱ ምንም አልነበረበትም።

ኮዱ አልተሳሳተም። በዚያ ምድጃ «ኤፍ 3» ማለት የሙቀት ሴንሰሩ መስመር ተቋርጧል ማለት ነው። መስመሩ ግን ሴንሰሩን ብቻ ሳይሆን ሽቦዎቹን፣ በመካከል ያሉትን ሶኬቶችና ቦርዱ ላይ ያለውን መግቢያ ሁሉ ይይዛል። ከእነዚህ የትኛው እንደተበላሸ ቦርዱ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ብዙ ወገኖቻችን ገንዘባቸውን የሚያጡት ኮዱን የዕቃ ስም አድርገው ሲያነቡት ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው መንገድ ሁሉ ከኮዱ ተነስቶ እስከ እውነተኛው የብልሽት ቦታ በቴስተር የሚያደርስ ነው። የምናገረው በአሜሪካ ቤቶች ስለተለመደው፣ ከላይ አራት ማብሰያ ከታች ኦቨን ስላለው የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው።

ካቻቢቴ ከማንሳትዎ በፊት

ይህ ምድጃ የሚሠራው በ240 ቮልት ነው፤ ይህ ደግሞ ሰው ይገድላል። በብሬከር ሳጥኑ ውስጥ 40 ወይም 50 አምፔር የተጻፈበትን፣ ሁለት እጀታው የተያያዘውን ብሬከር ያጥፉ። የምድጃው ሰዓት መጥፋቱ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ሰዓቱ የሚሠራው ከሁለቱ መስመሮች በአንዱ ብቻ ስለሆነ አንደኛው መስመር ሞቶ ሌላው ሕያው ሊሆን ይችላል። የኋላውን ቆርቆሮ ከፍተው ገመዱ የሚታሰርባቸውን ሦስት ብሎኖች በቴስተር ይለኩ፤ በሁለቱ ዳርቻዎች መካከልም፣ በእያንዳንዱ ዳርቻና በምድጃው ብረት መካከልም ዜሮ ሊያሳይ ይገባል። ከዚያ በኋላ ነው እጅ የሚገባው።

የሚያስፈልገው መሣሪያ ጥቂት ነው፦ ኦም (የኤሌክትሪክ ተቃውሞ) የሚለካ ቴስተር፣ ካቻቢቴ፣ የእጅ ባትሪ፣ ጓንት እና ፎቶ የሚያነሳ ስልክ። ጓንቱን አይናቁት፤ የምድጃ ቆርቆሮ ጠርዝ እንደ ምላጭ ይቆርጣል። ምድጃውን ስበው ሲያወጡ ወለሉ ወይም ግድግዳው ላይ የኋላ እግሩን የሚይዝ ብረት ታገኛላችሁ፤ ሲመልሱት እግሩ እዚያ ብረት ውስጥ መግባቱን ያረጋግጡ። ያ ብረት ሕፃን ልጅ በተከፈተው በር ላይ ሲንጠለጠል ምድጃው እንዳይገለበጥ የሚከላከል ነው።

ጋዝ የሚሸት ከሆነ ይህን መመሪያ ትተው ምንም ማብሪያ ማጥፊያ ሳይነኩ ከቤት ይውጡና ከውጭ ሆነው የጋዝ ድርጅቱን ይጥሩ። ምድጃው ኢንዳክሽን (ድስቱን በመግነጢስ የሚያሞቅ) ከሆነም የማብሰያውን ክፍል አይክፈቱ፤ ብሬከሩ ከጠፋ በኋላ እንኳ በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች አደገኛ ኃይል ይዘው ይቆያሉ።

አንደኛ፦ ኮዱን ከነሁኔታው ይመዝግቡ

ብሬከሩን ከማጥፋትዎ በፊት የሰሌዳውን ፎቶ ያንሱ። ብዙ ምድጃዎች መብራት ሲቋረጥባቸው ኮዱን ከሰሌዳው ያጠፉታል። ከፎቶው ጋር ኮዱ መቼ እንደ መጣ ይጻፉ፦ ኦቨኑ ቀዝቅዞ ማንም ሳይነካው ነው? መሞቅ ከጀመረ በኋላ ነው? ኦቨኑ ራሱን በራሱ ካጸዳ በኋላ ነው? ወጥ ገንፍሎ ወይም ሰሌዳው በእርጥብ ጨርቅ ተወልውሎ ነው? እኔ ከኮዱ ቁጥር ይልቅ ይህን መልስ ነው አስቀድሜ የምጠይቀው፤ ግማሹን ሥራ ይሠራልኛልና።

ከዚያ ብሬከሩን ለአምስት ደቂቃ አጥፍተው ይመልሱት። ኮዱ ጠፍቶ ለሳምንታት ካልተመለሰ የመብራት መዋዠቅ ያመጣው ሊሆን ይችላል። ወዲያው ከተመለሰ ብልሽቱ ቋሚ ነው፤ ለመለካትም ቀላል ነው። ሲሞቅ ብቻ ከተመለሰ እንደዚያች እናት ምድጃ ሙቀት የሚያላቅቀው ግንኙነት ይጠርጥሩ።

ሁለተኛ፦ ትርጉሙን ከራሱ ምድጃ ያግኙ

ጎረቤት «የእኔም ኤፍ 3 ብሎ ነበር፣ ሴንሰር ቀየርኩ» ቢልዎ ምድጃው የአንድ ፋብሪካ መሆኑን ሳያረጋግጡ አይመኑ። «ኤፍ 3» በጂኢ ምድጃዎች የሴንሰር መስመር መቋረጥ ነው፤ በኤልጂ ግን ተጣብቆ የቀረ ቁልፍ ማለት ነው። «ኤፍ 2» በጂኢ ከመጠን በላይ መሞቅ፣ በዊርልፑል የቁልፍ ገበታ፣ በኤልጂ ደግሞ የሴንሰር ኮንታክት (መነካካት የሌለባቸው ሽቦዎች መነካካት) ነው። ፍሪጂዴር በሁለት አሃዝ ይጽፋል፦ 10 ከመጠን ያለፈ ሙቀት፣ 11 የተጣበቀ ቁልፍ፣ 30 የተቋረጠ ሴንሰር፣ 31 ኮንታክት ያደረገ ሴንሰር፣ 90 የበር መቆለፊያ። በሳምሰንግ «ኤስ ኢ» ቁልፍ ነው፤ «ኢ 27» እና «ኢ 28» ሴንሰር ናቸው፤ በአዳዲሶቹ ደግሞ «ሲ 20» ሴንሰር፣ «ሲ 21» ከመጠን በላይ መሞቅ ነው።

ሜይታግ፣ ኪችንኤይድ እና አማና ከዊርልፑል ቤተሰብ ናቸው፤ ሆትፖይንት ከጂኢ። ኬንሞር ደግሞ በሌሎች ፋብሪካዎች የተሠራ ስለሆነ የሞዴል ቁጥሩን መጀመሪያ ማየት ያስፈልጋል፤ በ790 ከጀመረ የፍሪጂዴር፣ በ362 ከጀመረ የጂኢ ሥራ ነው። የሞዴል ቁጥሩን የኦቨኑን በር ወይም የታችኛውን መሳቢያ ሲከፍቱ በማዕቀፉ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ያገኙታል።

ከሁሉ የሚበልጠው ሰነድ ግን ምድጃው ውስጥ ተደብቋል። ለጥገና ባለሙያ ተብሎ የታጠፈ ወረቀት በኋላው ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከመሳቢያው ጀርባ ወይም በሰሌዳው ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። የኮዶቹ ዝርዝር፣ የሽቦዎቹ ሥዕልና የእያንዳንዱ ዕቃ ትክክለኛ ኦም እዚያ ላይ አለ። ካገኙት ፎቶ አንስተው ወደነበረበት ይመልሱት፤ ቀጣዩ ሰው ይፈልገዋል።

ሦስተኛ፦ ቤቱ ሙሉ መብራት እየሰጠ ነው?

ዊርልፑል «ኤፍ 9 ኢ 0» ሲጽፍ የቤቱ መስመር ትክክል አልመጣልኝም ማለቱ ነው። ኤልጂ «ኤፍ 9» ሲል ኦቨኑ አልሞቀም ማለቱ ነው። በሁለቱም መጀመሪያ የሚፈተሸው ምድጃው ሳይሆን ግድግዳው ነው። ከሁለቱ መስመሮች ሰዓቱ የማይጠቀምበት ቢቋረጥ ሰዓቱ ይበራል፣ ቁልፎቹ ይሠራሉ፣ መብራቱ ይበራል፤ ኦቨኑ ግን አይሞቅም። ብሬከሩን እስከ መጨረሻው አጥፍተው እንደገና ያብሩት፤ አንዳንዴ አንዱ ጎን ብቻ ወድቆ እጀታው የበራ ይመስላል።

ሕያው መስመር መለካት የለመደ ሰው በሁለቱ ዳርቻዎች መካከል 240፣ ከእያንዳንዱ ወደ መካከለኛው ደግሞ 120 ቮልት ማግኘት አለበት። ካልለመዱ ይህንን አንድ ልኬት ለኤሌክትሪሺያን ይተዉ። በትልልቅ የአፓርታማ ሕንፃዎች 208 ቮልት ቢያገኙ አይደንግጡ፤ ብዙዎቹ ሕንፃዎች የሚሰጡት ይህን ነው። ኦቨኑን የሚያሞቀው ኤለመንት በዚያ ቮልት የሚሰጠው ኃይል ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ኦቨኑ ቀስ ብሎ ይሞቃል፤ ይህ ብልሽት አይደለም።

አራተኛ፦ ሴንሰሩ

ይህ ክፍል ረዘም ይላል፤ ከሚገጥሙኝ ኮዶች አብዛኞቹ እዚህ ስለሚገኙ ነው።

ሴንሰሩ በኦቨኑ ውስጥ ከኋላው ግድግዳ ላይኛው ክፍል የሚወጣ፣ እርሳስ የሚያክል ቀጭን የብረት ዘንግ ነው። ጫፉ ውስጥ ያለው ፕላቲነም ሲሞቅ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ይጨምራል፤ ቦርዱ ያንን ቁጥር አንብቦ ሙቀቱን ያሰላል። በአሜሪካ ምድጃዎች ዘንድ የተለመደው ዓይነት በክፍል ሙቀት ከ1080 እስከ 1100 ኦም ያሳያል፤ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ወደ 3.8 ኦም ይጨምራል፤ በ177 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ማለትም በ350 ፋራናይት፣ 1650 አካባቢ ይደርሳል።

ኦቨኑ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ብሬከሩን ያጥፉ። ዘንጉን የያዙትን ሁለት ብሎኖች ፈትተው ሽቦውን በቀስታ ወደ ፊት ይሳቡ፤ ሶኬቱ ይከተላል። ሶኬቱ ወደ ኋላ ተመልሶ እንዳይወድቅ በፒንሳ ወይም በልብስ መቆንጠጫ ይያዙት። ካልመጣ አይጎትቱት፤ ከኋላ በኩል ቆርቆሮውን ፈትተው ይድረሱበት። ሶኬቱን አላቀው የሴንሰሩን ሁለት ጫፎች ይለኩ።

ወደ 1090 ገደማ ካገኙ በዘንጉ ዙሪያ እጅዎን ጨብጠው ይያዙ፤ ቁጥሩ በዝግታ መውጣት አለበት። ከዘለለ ወይም ከጠፋ ውስጡ ተሰንጥቋል። ቴስተሩ ምንም ግንኙነት ካላሳየ ተቋርጧል፤ ወደ ዜሮ ከተጠጋ ኮንታክት አድርጓል። በመጨረሻም አንዱን ጫፍ ከዘንጉ ብረት ጋር ይለኩ፤ እዚህ ምንም ግንኙነት መኖር የለበትም። የሚጠራጠሩ ከሆነ የዘንጉን ጫፍ ብቻ በረዶ በሞላበት ውኃ ውስጥ ያስገቡት፤ 1000 አካባቢ ይቆማል። በሚፈላ ውኃ ውስጥ ዋሽንግተን ላይ 1380 ገደማ፣ ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ በሚፈላበት አዲስ አበባ ደግሞ 1350 ገደማ ይሆናል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ ሴንሰሩ ደህና ሲሆን «እንግዲያው ቦርዱ ነው» ይላል። አይደለም፤ ገና ሽቦው አለ። ሴንሰሩን ከሶኬቱ ጋር መልሰው ያያይዙና ወደ ቦርዱ ይሂዱ። የሴንሰሩን ሽቦዎች የያዘውን ሶኬት ከቦርዱ ነቅለው በሽቦዎቹ መጨረሻ ላይ ይለኩ። ከታች 1090 የነበረው እዚህም 1090 መሆን አለበት። ብዙ ልዩነት ካለ ጥፋቱ በሁለቱ ነጥቦች መካከል ነው፤ የዛገ ሶኬት፣ የቀለጠ ሽፋን ወይም አይጥ የበላው ሽቦ ይፈልጉ። ሽቦውን በሚለኩበት ጊዜ ከታች ወደ ላይ በእጅዎ ያወዛውዙት፤ ቁጥሩ ሲዘል ጣትዎ ያለበት ቦታ ነው።

ኮዱ ሲሞቅ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ኦቨኑን አሙቀው፣ ብሬከሩን አጥፍተው፣ ሳይቀዘቅዝ በቦርዱ በኩል ይለኩ። የእነዚያች እናት ምድጃ ቀዝቃዛ ሳለ 1087 አሳይቶኝ ነበር፤ በዚያ ልኬት ብቻ ብተማመን ኖሮ እኔም ቦርዱን እወነጅል ነበር።

አምስተኛ፦ የቁልፍ ገበታው

የቁልፍ ኮድ ማለት ቦርዱ ማንም ሳይነካ የተጫነ ቁልፍ እያየ ነው ማለት ነው። በእኛ ቤቶች አንድ ምክንያት ደጋግሞ ይገጥመኛል። ጀበናው የሚጣደው በኋለኛው ማብሰያ ላይ ነው፤ ከአፉ የሚወጣው እንፋሎት በቀጥታ የቁልፍ ሰሌዳውን ይመታል። ከዓመታት በኋላ የሰሌዳው ፕላስቲክ ከጠርዙ ይነሳና እርጥበት ወደ ውስጥ ይገባል። አንዱን ሰሌዳ ስከፍት በስስ ፕላስቲኮቹ መካከል የደረቀ የቡና ዝቃጭ ክር ሠርቶ አይቻለሁ።

ብሬከሩን አጥፍተው ምድጃውን ለአንድ ቀን ያህል ይተዉት፤ እርጥበት ብቻ ከሆነ ይደርቃል። ከተመለሰ ብሬከሩን አጥፍተው የሰሌዳውን ሳጥን ይክፈቱ፤ ከቁልፎቹ ወደ ቦርዱ የሚሄደውን ጠፍጣፋ ሪባን ቀጥ አድርገው ይንቀሉ። ሳጥኑን ዘግተው፣ እጅዎን አርቀው መብራቱን ይመልሱና ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። ያው የቁልፍ ኮድ ከተመለሰ ቦርዱ ነው፤ ካልተመለሰ የቁልፍ ገበታው ነው። አንዳንድ ዊርልፑሎች በዚህ ጊዜ «ኤፍ 2 ኢ 1» ይጽፋሉ፤ የቁልፍ ገበታው ተነቅሏል ማለት ስለሆነ ተፈጥሯዊ ነው።

ስድስተኛ፦ ከመጠን በላይ መሞቅ

በዚህ ኮድ አልደራደርም። ኦቨኑ ሳይታዘዝ የሚሞቅ ከሆነ ብሬከሩን ያጥፉ፣ እስኪጠገንም አያብሩት። ምክንያቶቹ ሦስት ናቸው። ሴንሰሩ የተሳሳተ ቁጥር ሊያነብ ይችላል፤ ይህን ከላይ ለክተዋል። ቦርዱ ላይ ኤለመንቱን የሚያበራው ሪሌ ጥርሱ ተጣብቆ ሊቀር ይችላል፤ ያኔ ቦርዱ በእርግጥ ይቀየራል። ወይም ኤለመንቱ ራሱ ተሰንጥቆ ከምድጃው ብረት ጋር ኮንታክት አድርጓል።

ኤለመንቱን ለመለካት ሁለቱንም ሽቦዎቹን ያላቁ። ሁለት ሺህ ዋት የሆነው 29 ኦም፣ ሦስት ሺህ ዋት የሆነው 19 ኦም ገደማ ያሳያል። ከሁለቱ ጫፎች ወደ ብረቱ ግን ምንም ግንኙነት መኖር የለበትም። ላዩን ያበጠ ወይም ነጭ ነጥብ ያለው ኤለመንት ካዩ መለካት ሳያስፈልግዎ ይቀይሩት።

ሰባተኛ፦ የበሩ መቆለፊያ

ኦቨኑ ራሱን ሲያጸዳ ወደ 480 ዲግሪ ሴልሺየስ ይጠጋል፤ በሩም ለደኅንነት በትንሽ ሞተር ይቆለፋል። በዚያ ሙቀት ሞተሩ፣ ማብሪያዎቹና የሙቀት ፊውዙ ይጎዳሉ። ለበዓል ቤት ሲጸዳ ኦቨኑንም አብሮ የማጽዳት ልማድ እንዳለን አውቃለሁ፤ እባክዎ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ያድርጉት። በዋዜማው ተቆልፎ የቀረ ኦቨን ውስጥ ምንም መጋገር አይቻልም።

ከተቆለፈ በሩን አያስገድዱ፤ መስታወቱ ይፈነዳል፣ መቆለፊያውም ይጣመማል። ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ፣ ብሬከሩን ለአምስት ደቂቃ አጥፍተው ይመልሱ፤ ብዙ ጊዜ ሞተሩ ወደ መነሻው ይመለሳል። ካልሆነ ከኋላ ወይም ከላይ ሞተሩን አግኝተው ማብሪያዎቹን በቴስተር ይፈትሹ፤ ሲጫኑ መገናኘትና ሲለቀቁ መለያየት አለባቸው።

የጋዝ ኦቨን ላይ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ የማቀጣጠያው ዘንግ ሲደክም አብዛኛውን ጊዜ ኮድ አያወጣም። ቀልቶ ሳለ ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ እሳቱ ካልተነሳ ዘንጉን ይቀይሩ።

ምድጃውን ወደ ኢትዮጵያ ለሚልኩ

በኮንቴይነር የተላከ የአሜሪካ ምድጃ አዲስ አበባ ላይ ሲገጠም ቦርዱ መቃጠሉን ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኤለመንቶቹ የሚፈልጉት 240 ቮልት ስለሆነ በ220 ይሠራሉ፤ ቦርዱ፣ መብራቱና የበር ሞተሩ ግን በአንድ መስመርና በኒውትራል መካከል 120 ቮልት ነው የሚጠብቁት። በአገራችን በአንድ ፌዝና በኒውትራል መካከል ያለው 220 ነው። ስለዚህ ለቦርዱ መስመር ብቻ ትራንስፎርመር በባለሙያ ሳይገጠም መብራት አይስጡት። የመስመሩን ሞገድ ቆጥሮ የሚሄድ ሰዓት ያላቸው ምድጃዎች ደግሞ በ50 ኸርዝ በየሰዓቱ አሥር ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራሉ፤ የመጋገሪያ ደቂቃ ቆጣሪውም እንደዚያው።

ከጥገናው በኋላ

ቆርቆሮዎቹን ከመዝጋትዎ በፊት ሽቦዎቹ ትኩሱን ገላ አለመንካታቸውን በእጅ ባትሪ ይመልከቱ። ምድጃውን መልሰው የኋላ እግሩን በመያዣው ብረት ውስጥ ያስገቡ። በኦቨኑ መካከል የኦቨን ቴርሞሜትር አስቀምጠው 350 ፋራናይት ላይ ያድርጉትና ግማሽ ሰዓት ያቆዩት። ከዚያ በየአምስት ደቂቃው በመስታወቱ በኩል እያነበቡ ስድስት ቁጥር ይጻፉ፤ ኤለመንቱ እየበራና እየጠፋ ስለሚሠራ ቁጥሩ ይወጣል ይወርዳል፤ የሚታየው አማካዩ ነው። አማካዩ 20 ወይም 30 ዲግሪ ቢርቅ ብዙዎቹ ሰሌዳዎች እስከ 30 ወይም 35 ፋራናይት ድረስ ማስተካከያ አላቸው። ከዚያ በላይ ከራቀ ወደ ሴንሰሩ ልኬት ይመለሱ፤ በዚህ ጊዜ ግን ትኩስ ሳለ፣ በቦርዱ በኩል።